ተበድሬ ልሥራ ወይስ ይቅርብኝ?

ዛሬ ላነሣላችሁ ያሰብኩት ጉዳይ በመድረክ ላይ ብዙም የማይነሣ፣ በየቤታችን ግን እንቅልፍ የሚነሣ ጉዳይ ነው። ጉዳዩ ብድር ነው።

ባለፈው ዓመት በጥር ወር፣ እዚህ ደብረ ታቦር የእህቶች ጸሎት ካበቃ በኋላ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ክንዴን ይዘው ወደ ጥግ ወሰዱኝ። ከፋርጣ ወረዳ፣ ከጉና ተራራ ግርጌ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የሚመጡ እናት ናቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “ልጄ፣ እንዲያው አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አማኝ ሰው ቢበደር ኃጢአት ነው?” አሉኝ።

“ማን እንዲህ አለዎት እናቴ?”

“ሰው ይላል። የሚበደር እምነት የጎደለው ነው ይላሉ። የብድር ሰዎች ቀበሌ መጥተው ሴቶቹን ሲመዘግቡ እኔ ቤቴ ተሸሽጌ ቀረሁ።”

የገረመኝ እኚህ እናት ከዚህ በፊት ተበድረው የሚያውቁ መሆናቸው ነው። ከሁለት ክረምት በፊት አንዱ በሬ ሲሞትባቸው ከአንድ ነጋዴ ላይ በወር ከመቶ አሥር ወስደው፣ ያንን ለመክፈል የሁለት ዓመት ገብሳቸው ከአውድማ በቀጥታ ወደ ነጋዴው ቤት ሄዷል። እርሱን ግን ብድር ብለው አልቆጠሩትም። “ከሰው የወሰድኩት ነው” ነው የሚሉት። ብድር ማለት ለእርሳቸው ቢሮ ያለው፣ ፎርም የሚያስሞላና የሚያስፈርም ነገር ነው።

ወዲያው አልመለስኩላቸውም። ዝም ያልኩበት የራሴ ምክንያት ነበረኝ፤ ወደ እርሱ እመለስበታለሁ።

ቃሉስ ምን ይላል?

በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ በተማርኩባቸው ዓመታት ስለ አሥራት ብዙ ተምሬአለሁ፤ ስለ ብድር የተማርኩበትን አንድ ክፍለ ጊዜ ግን አላስታውስም። ስለዚህ ጥያቄውን ይዤ ቤቴ ገብቼ መጽሐፌን ገለጥኩ። ያገኘሁት ከጠበቅሁት የተለየ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ ብድርን አያሞካሽም። ምሳሌ ምዕራፍ 22 ተበዳሪ በአበዳሪው እጅ እንደሚገባ ያስጠነቅቃል። መዝሙር 37 ግን ክፉ የሚለው ተበድሮ የማይመልሰውን ነው፤ የተበደረውን ሁሉ አይደለም። በነህምያ ምዕራፍ 5 ሕዝቡ በራብ ዘመን እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ሲወስድ ነህምያ የተቆጣው በተራቡት ላይ አይደለም፤ ከወንድሞቻቸው ወለድ በሚወስዱት ባለጠጎች ላይ ነው። ይህን ስታነቡ የእኛን አገር የክረምት ወራት አያስታውሳችሁም?

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን በ2ኛ ነገሥት 4 ያለችው መበለት ታሪክ ነው። ባለዕዳው ሁለቱን ልጆቿን ሊወስድባት ደጅዋ ላይ ቆሟል። ነቢዩ በመጀመሪያ ያዘዛት ነገር ምን ነበር? ከጎረቤቶቿ ባዶ ማድጋ እንድትዋስ! ዘይቱ ከሞላ በኋላ ደግሞ ቅደም ተከተሉን አስተውሉ፤ ሽጪ፣ ዕዳሽን ክፈዪ፣ በቀረው ከልጆችሽ ጋር ኑሪ የሚል ነው። እኛ ብዙዎቻችን የምናደርገው ግን መጀመሪያ በዘይቱ ኖረን፣ ከተረፈ ልንከፍል ነው።

የሚበላ ብድርና የሚወልድ ብድር

በሚቀጥለው ሳምንት ለእኚያ እናት የመለስኩላቸው ይህንን ነው። መበደሩ ኃጢአት አይደለም፤ ግን የሚበላ ብድር አለ፣ የሚወልድ ብድርም አለ። ለሠርግ፣ ለተዝካር፣ ለክርስትና፣ የጎረቤትን ሶፋ አይቶ ለመግዛት የተወሰደ ገንዘብ የሚበላ ብድር ነው። ድግሱ በአንድ ቀን ያልቃል፣ ዕዳው ዓመት ይቀመጣል። (ተዝካር እኛ አንደግስም ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ግን የሠርጋችን ድንኳን ከማን ያንሳል?) የሚወልድ ብድር ግን ራሱን የሚከፍልና ለቤት የሚያስተርፍ ነው።

እርሳቸውም ሳቅ ብለው፣ “እኔ እንግዲህ የማውቀው በግ ነው” አሉኝ። እኔም ደብተር አውጥቼ አብረን አሰላን። ዋጋ ከገበያ ገበያ ስለሚለያይ ቁጥሩን ለምሳሌ ያህል ውሰዱት።

20,000 ብር ተበደሩ እንበል። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሥጋ ፈላጊ ስለሚጠፋ ከሲታ በግ ይረክሳል። ሦስት በግ በ5,500 ሲገዛ 16,500 ብር ነው። ለፋጉሎና ለፉርሽካ 3,000፣ ለጨውና ለመድኃኒት 500 ሲጨመር 20,000 ሞላ። ድርቆሹና የገብሱ ገለባ ከቤት ነው። ጾሙ 55 ቀን ነው፤ በዚህ ጊዜ በደንብ የተያዘ በግ ሙክት ሆኖ ለፋሲካ ገበያ ይደርሳል። አንዱ በ9,000 ቢሸጥ 27,000 ብር ይገኛል። ወለዱ በዓመት 18 በመቶ ቢሆን የሦስት ወሩ 900 ብር ነው። ዋናውና ወለዱ ተከፍሎ 6,100 ብር ይተርፋል።

“ታዲያ ምን እንጠብቃለን?” አሉኝ። እኔ ግን “ቆይ እናቴ፣ አንዱ ቢሞትስ?” ብዬ እንደገና አሰላሁ። ሁለቱ በ18,000 ብር ይሸጣሉ፤ ዕዳው ግን 20,900 ነው። 2,900 ብር ከየት ይመጣል? ደግሞ እናንተም እንደምታውቁት በአሁኑ ጊዜ በጸጥታው ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ገበያ ሳይቆም የሚያልፍ ሳምንት አለ። የፋሲካ ዋዜማ ገበያ ከቀረ በጉ መብላቱን ይቀጥላል፤ ገዢ ግን የለም። ስለዚህ ብድሩ ከመወሰዱ በፊት ያ 2,900 ብር የሚመጣበት ቦታ መታወቅ አለበት። እርሳቸው አሥራ አንድ ዶሮ ነበራቸው። “ዶሮዎቹ ለዚያ ይሁኑ” ብለው ወሰኑ።

እንዲህ ያለ ስሌት ብዙ ሰው የሚሠራው ትርፉን ብቻ ነው። ኪሳራውን ማስላት እምነት ማነስ የሚመስለን አለን። ጌታ ራሱ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ሲናገር ለእኛም ይመስለኛል።

ከማን እንበደር?

ከሰው በወር ከመቶ አሥር መውሰድ ማለት በዓመት ከመቶ 120 ነው። ወለዱ እየተከማቸ በላዩ ወለድ ከወለደ ደግሞ 5,000 ብር በዓመቱ ከ15,600 ብር በላይ ይሆናል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በሰዎች መካከል በሚደረግ ብድር ወለዱ በዓመት ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ወለዱ በጽሑፍ ካልተወሰነ ደግሞ ከመቶ 9 ነው የሚለው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም አራጣን በወንጀል ያስጠይቃል። ያ ነጋዴ ከእኚህ እናት ይወስድ የነበረው ሕጉ ከሚፈቅደው ጣሪያ አሥር እጥፍ ነበር ማለት ነው። ማንም አልነገራቸውም፤ እኔም ጭምር።

በእኛ ክልል ለዚህ መልስ ለመስጠት የተነሣው አብዛኞቻችሁ “አብቁተ” ብላችሁ የምታውቁት የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በአመልድ ሥር ተጀምሮ በ1997 እንደ አነስተኛ የፋይናንስ ተቋም ፈቃድ አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ ወደ ባንክነት አድጎ ፀደይ ባንክ ተባለ። ሐሳቡ የመጣው ከሩቅ አገር ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ ሙሐመድ ዩኑስ የሚባሉ የኢኮኖሚክስ መምህር እ.ኤ.አ. በ1976 ጆብራ በምትባል መንደር በአራጣ የተያዙ 42 ሰዎችን ዕዳ ሲደምሩት 27 ዶላር ብቻ ሆኖ አገኙት፤ ከኪሳቸው ከፈሉላቸው። ከዚያ የተነሣው ግራሚን ባንክ በ1983 ባንክ ሆነ፤ በ2006 ዩኑስና ባንኩ የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተካፈሉ። 27 ዶላር ስንት ቤት እንዳሠረ አስቡት!

የዚህ አሠራር ቁልፉ የቡድን ዋስትና ነው። ቤትና መኪና የሌላት ሴት ከጎረቤቶቿ ጋር ተሰባስባ እርስ በርስ ዋስ ይሆናሉ። አንዷ ካልከፈለች ሌሎቹ ይከፍላሉ። ይህ መልካም ነገር ነው፤ አደጋም አለው። ከዓመታት በፊት በማውቀው አንድ ቡድን ውስጥ አምስት እህቶች ነበሩ፤ ሁሉም የአንድ መዘምራን አባላት። አንዷ ገንዘቡን እንደወሰደች ወደ ሌላ ከተማ ሄደች፣ ስልኳም ተዘጋ። አራቱ የእርሷን ድርሻ ለመክፈል አንዷ ጥጃ፣ አንዷ የጥጥ ፈትሏን ሸጠች። ከዚያ በኋላ መዘምራኑ እንደ ቀድሞው አብሮ መዘመር አልቻለም። ምሳሌ ምዕራፍ 6 ለጎረቤቱ ዋስ የሆነ ሰው እንደ ሚዳቋ ከአዳኝ እጅ ሮጦ እንዲያመልጥ የሚመክረው በከንቱ አይደለም። ዋስ የምንሆንላት ሴት በጸሎት ቤት አጠገባችን የምትቀመጥ ብቻ ሳትሆን ከብቷንና ማሳዋን የምናውቃት፣ ባሏም ብድሩን የሚያውቅ ትሁን።

የባል ነገር ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። በክልላችን ሁለተኛ ደረጃ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ ያለው ገበሬ የመጠቀም መብቱን አስይዞ መበደር የሚችልበት አሠራር መጥቷል። የይዞታ ደብተሩ ላይ የባልና የሚስት ስም በአንድነት አለ። ያ ደብተር ለብድር ሲወጣ ሁለቱም አንብበው ካልተስማሙበት ወደ ሳጥኑ ይመለስ። መሬት እንደ በግ ሁለተኛ አይገዛም።

ባሕር ማዶ ያለው ካርድ

የባለቤቴ ታናሽ ወንድም አሜሪካ በሄደበት የመጀመሪያ ዓመት ስልክ ደውሎ፣ “እዚህ አገር ተበድሮ የማያውቅ ሰው አይታመንም” ሲለን ባለቤቴ ልጁ የተሳሳተ መስሎት ደነገጠ። ኋላ ሲያስረዳን ነው የገባን። ቤት ሊከራይ ሲሄድ የብድር ታሪክህን አሳይ አሉት፤ ታሪክ የለውም። ከዚያ አንድ ባንክ ዘንድ 300 ዶላር መያዣ አስቀምጦ 300 ዶላር ድረስ የሚያስገዛ ክሬዲት ካርድ አወጣ።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ነገር አለ። ኪሳችን ውስጥ ያለው የኤቲኤም ካርድ ክሬዲት ካርድ አይደለም። የኤቲኤም ካርድ የሚያወጣው የራሳችንን ገንዘብ ነው፤ ካለቀ አለቀ። ክሬዲት ካርድ ግን የሚከፍለው በባንኩ ገንዘብ ነው፤ በወሩ መጨረሻ ሒሳቡ ይላካል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው ሕግ ሒሳቡ ከመክፈያው ቀን ቢያንስ 21 ቀን ቀድሞ መላክ አለበት። ሁሉንም በቀኑ የከፈለ ሰው ለገዛበት ዕቃ ወለድ አይከፍልም። የሌላ ሰው ገንዘብ ለሳምንታት ያለ ወለድ ተጠቀመ ማለት ነው። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ “ቢያንስ ይህን ክፈል” የሚል ትንሽ ቁጥር አለ፤ ወጥመዱም እርሱ ነው። ያችን ብቻ እየከፈለ የሚሄድ ሰው ወለዱ በቀረው ላይ እየተጨመረበት ለዓመታት ይጎተታል። ያው ሕግ ባንኮች ትንሿን ብቻ እየከፈላችሁ ብትሄዱ ዕዳው በስንት ጊዜ እንደሚያልቅ በዚያው ወረቀት ላይ እንዲጽፉ ያስገደደው ለዚህ ነው።

ልጁ በካርዱ የሚገዛው ነዳጅና አስቤዛ ብቻ ነበር፤ በየወሩም ሙሉውን ይከፍላል። እዚያ ፋይኮ የሚባል የታማኝነት ነጥብ አለ። ከነጥቡ 35 በመቶ የሚሆነው በቀኑ መክፈል አለመክፈሉ፣ 30 በመቶው ደግሞ ያለበት ዕዳ መጠን ነው፤ ከተፈቀደለት ውስጥ ምን ያህሉን እንደተጠቀመም በዚህ ይታያል። ከጊዜ በኋላ መያዣው ተመለሰለት፣ ቤቱንም ተከራየ።

ይህን የማነሣው ነገሩ ወደ እኛም እየመጣ ስለሆነ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብድር መረጃ ማዕከል አለው፤ ባንኮች ብድር ከመፍቀዳቸው በፊት የሰውየውን ታሪክ ያዩበታል። ዛሬ በቀኑ የከፈላችኋት ትንሽ ብድር ነገ የልጃችሁን ሱቅ የምታስከፍት ምስክር ልትሆን ትችላለች። ያልከፈላችኋትም እንዲሁ ትመሰክራለች።

የስልኬ ነገር

አሁን ዝም ወዳልኩበት ምክንያት ልመለስ።

ብድር በስልክ መስጠት አገራችን ውስጥ ከተጀመረ ጥቂት ዓመታት ሆኖታል። ቴሌብር እ.ኤ.አ. በ2022 ከዳሽን ባንክ ጋር “መላ” የተባለውን ብድርና “እንደኪሴ” የተባለውን፣ ሒሳብ ሲያጥር የሚሞላ አገልግሎት ጀመረ። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም “ሚቹ” የሚል ያለ መያዣ ብድር አለው፤ ሌሎችም አሉ። ሳይሰለፉ፣ ዋስ ሳይጠሩ፣ እጅ በእጅ ይመጣል። ለነጋዴ ሴት ጠዋት ዕቃ አንሥታ ማታ ሸጣ ለምትመልሰው ትልቅ በረከት ነው። ሌሊት ልጅ ሲታመምም እንዲሁ።

እኔ ግን የወሰድኩት ለዚያ አልነበረም። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ከባሕር ዳር አገልጋዮች ሊመጡ ነበር፤ ቤት ውስጥ ዘይትም ሥጋም የለም። የመጋቢ ቤት ባዶ ገበታ አይቀርብበትም ብዬ ለባለቤቴ ሳልነግር በስልኬ 3,000 ብር ተበደርኩ። ከየትኛው ድርጅት እንደሆነ ይቅር። የአገልግሎት ክፍያ ብሎ ቀድሞ 180 ብር ቀንሶ 2,820 ሰጠኝ። ዶሮ ወጡ ተመሰገነ። በወሩ የምከፍለው አልነበረኝም፤ ስለዚህ ከአስቤዛው ቆጥቤ ከፍዬ ወዲያው መልሼ ተበደርኩ። እንደዚያ እያደረግሁ አራት ወር ሆነ። 720 ብር ከፍያለሁ፤ 3,000 ብሩ ግን እንዳለ ቁጭ ብሏል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ባለቤቴ እንዳያየው ወደ ቀሚሴ ኪስ አስገባው ነበር። ስለ እውነተኝነት እህቶችን የማስተምረው በዚያው ወር ነበር።

እኚያ እናት “ኃጢአት ነው?” ብለው ሲጠይቁኝ ዝም ያልኩት ለዚህ ነው። የእኔ ኃጢአት መበደሬ ሳይሆን መደበቄ ነበር። ማታውን ልጆቹ ከተኙ በኋላ ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ “ጠቅላላው ስንት ነው?” አለኝና እስክሪብቶ ፈለገ። ደብተር ላይ ስንጽፈው እርሱም ለሟች ወንድሙ ልጅ ትምህርት ቤት ብሎ ከአንድ ወዳጁ 4,000 ብር ወስዶ እኔን ላለማስጨነቅ ሳይነግረኝ እንደቆየ ወጣ። ሁለታችንም በአንድ አልጋ ላይ ተኝተን ለየብቻ ዕዳ እንቆጥር ነበር። መሳቅም ማልቀስም መጣብን።

የስልኩን ብድር ያ ክፍያ ምን ያህል ያስወደደው እንደነበር የገባኝ ያን ቀን ነው። እንዲህ አስሉት፤ 1,000 ብር ለአንድ ወር ወስዳችሁ 60 ብር ቀድሞ ቢቆረጥ እጃችሁ የገባው 940 ነው። በ940 ብር ላይ በወር 60 ብር ማለት በዓመት ከ76 በመቶ በላይ ነው። “60 ብር ምን አላት?” ስንል ዓመቱን አናየውም። ለአንድ ሳምንት ትርፍ ላለው ሥራ ይሁን፤ ለወጥ ግን አይሁን። ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በክልላችን ግጭት ተነሥቶ የስልክ ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ እንዳየነው ስልክ ላይ ብቻ የተደገፈ ቤት ይቸገራል። ጥቂት ጥሬ ብርና ዕቁብ አይጠፋ። ዕቁብ፣ ዕጣው ቀድሞ ለወጣለት፣ ወለድ የሌለው የአባቶቻችን ብድር ነው።

ቢሮው ስትደርሱ

ፎርሙን ከመፈረማችሁ በፊት አትፈሩ፣ ጠይቁ። ባለሙያው ወለዱ “18 በመቶ” ቢላችሁ በዚያ አታቁሙ፤ “የሚታሰበው በመጀመሪያው ብር ላይ ነው ወይስ በቀረው ላይ?” በሉት። 10,000 ብር ለአንድ ዓመት ወስዳችሁ በየወሩ እኩል የምትከፍሉ ከሆነ፣ ወለዱ እስከ መጨረሻው በ10,000 ላይ ከታሰበ 1,800 ብር ትከፍላላችሁ። በቀረው ላይ ብቻ ከታሰበ ግን ወደ 1,000 ብር ገደማ ነው። ቁጥሩ በቃል አንድ ነው፤ ልዩነቱ 800 ብር ነው። “በአጠቃላይ ከእኔ እጅ የሚወጣው ስንት ነው?” የሚለው ጥያቄ ሁሉንም ያወጣዋል። የአገልግሎት፣ የመድንና የግዴታ ቁጠባ ተቀናሽ ካለም ያኔ ይታወቃል። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ በየከፈላችሁበት ቀን ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ፋይዳ መታወቂያ ያላወጣችሁ አውጡ፤ ባንኮች እየጠየቁት ነው።

የመክፈያውን ቀን ደግሞ ከምርቱ ጋር አስማሙት። በእኛ ደጋ ሁሉም ዕዳ በአንድ ሰሞን የሚከፈል ከሆነ ሁሉም ድንቹን በአንድ ገበያ ያወርዳል፤ ዋጋው ይወድቃል። ድንች ደግሞ እንደ ገብስ ጎተራ ውስጥ አይቆይላችሁም። ገብስ ያለው ጥቂት ወር ቢታገሡት የተሻለ ዋጋ ያገኛል። አንድ ወር ወደፊት ይገፋልኝ ብሎ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ነውር የለውም፤ ከፈረሙ በኋላ ግን ልመና ነው። መክፈል እንደማትችሉ ካወቃችሁም ቀኑ ሳይደርስ ሄዳችሁ ንገሩ። የሚሸሽን ሰው ዋሱም ባንኩም አያዝኑለትም።

አንዳንዴ ደግሞ ሁሉን አሟልታችሁ “ብድር የለም” ትባሉ ይሆናል። ሁልጊዜ የእናንተ ጥፋት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመቀነስ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ገድቦ ነበር፤ በኋላም ወደ 18 ከፍ አደረገው። እንዲህ ባለ ጊዜ ትንሹ ተበዳሪ ወረፋው ይረዝምበታል። ወደ አራጣ ከመሮጥ ግን አንድ የገበያ ወቅት ጠብቆ እየቆጠቡ መቆየቱ ይሻላል።

እኚያ እናት ከአራት ጎረቤቶቻቸው ጋር ቡድን መሥርተው 20,000 ብሩን ወሰዱ። ከሦስቱ በጎች አንዷ በጾሙ አጋማሽ ታማ ሁላችንም ጸለይን፤ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄደው መርፌ አስወጓት፣ ዳነች። የፋሲካ ገበያም ቆመ። እንዳሰብነው 9,000 አላወጡም፤ ሁለቱ በ8,500፣ የታመመችዋ በ7,000 ተሸጡ። ዕዳውን ከፍለው 3,100 ብር ተረፋቸው። ከዚያ ላይ ለልጅ ልጃቸው ደብተርና ጫማ ገዙ፣ የቀረውን በቁጠባ ደብተራቸው አስገቡ። ለእኔም እንቁላል በጭድ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

ብድሩን በቀኑ ስለመለሱ ባለሙያው በሚቀጥለው ዙር እጥፍ ሊፈቅድላቸው እንደሚችል ነግሯቸው ነበር። “ታዲያ 40,000 ይወስዳሉ?” አልኳቸው።

“የለም ልጄ፣ ያንኑ 20,000 ነው የምወስድ። ሦስት በግ እኔው አያለሁ፤ ስድስት ከሆነ እረኛ መቅጠር ሊኖርብኝ ነው። የእረኛውን ደግሞ አላሰላነውም።”

ደብተሬን አውጥቼ ለማስላት ተቀመጥን።